ተዋንያን የሌላውን አገር እንግሊዝኛ ሲናገሩ ምን ያህል ያሳምናሉ? ጥያቄና መልስ

የእንግሊዝኛን የድምፅ አወጣጥ ሳስተምር ቆይቻለሁ፤ ፊልም ስመለከትም መጀመሪያ የሚሠራው ጆሮዬ ነው። በፊልም ስለምትሰሟቸው የአነጋገር ዘዬዎች የመጣላችሁን ጠይቁኝ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ«ሃውስ» አሜሪካዊውን ሐኪም ሆኖ የተጫወተው ሂዩ ላውሪ እንግሊዛዊ መሆኑን ያወቅሁት ድራማውን አይቼ ከጨረስሁ በኋላ ነው። እንዴት ሳይነቃበት ቀረ?

መልስ፦ ላውሪ የኦክስፎርድ ልጅ ነው፤ ድራማው ደግሞ ከ2004 እስከ 2012 ድረስ ዘልቋል። ብዙ ሰው የሚያስተውለው «ር»ን ነው። የደቡብ እንግሊዝ ሰው «ካር» ሲል መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ር» አትሰማም፤ አብዛኛው አሜሪካዊ ግን ያሰማታል። ይህን ማንኛውም ትጉህ ተዋናይ ቶሎ ይለምደዋል። የሚያጋልጠው ሌላ ነው። እንግሊዛዊው «አይዲያ ኦቭ» ሊል ሲነሣ ሳይታወቀው በሁለቱ ቃላት መካከል «ር» ጣል ያደርግና «አይዲያር ኦቭ» ይላል፤ ከአብዛኛው አሜሪካዊ አፍ ይህ አይወጣም። ተዋናዩ ሲቆጣ ወይም ሲጣደፍ ጆሮዬን የማቆመው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው። ላውሪ ሲጮህም ሲያንሾካሹክም ዘዬውን ይዞ ይዘልቃል።

ጥያቄ፦ በጣም ደካማውስ የማን ነው?

መልስ፦ ብዙዎች የአሜሪካዊውን ዲክ ቫን ዳይክን ስም ይጠራሉ። በ1964 በወጣው «ሜሪ ፖፒንስ» የለንደን ጭስ ማውጫ ጠራጊ ሆኖ ሲጫወት የምሥራቅ ለንደንን ዘዬ ኮክኒን ክፉኛ አበላሽቶታል፤ በ2017ም በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። እኔ ግን በእርሱ ላይ መጨከን አልወድም። ፊልሙ ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት የልጆች ፊልም ነው፤ ዘዬው ቢስትም ታሪኩ አይፈርስም። በእውነት የኖረ ሰው ሕይወት ሲተረክ ግን ነገሩ ይለያል።

ጥያቄ፦ ሩት ኔጋን እንዴት ታያታለህ? የእኛ ልጅ ስለሆነች አድልተህ እንዳትመልስ።

መልስ፦ ሳላዳላ ነው የምመልሰው። ሩት ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ያደገችው አየርላንድ ውስጥ በሊምሪክ ነው። በ2016 በ«ላቪንግ» የተጫወተቻት ሚልድረድ ላቪንግ ደግሞ የቨርጂኒያ ገጠር ሴት ናት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክሉትን ሕጎች የሻረው በእርሷና በባለቤቷ በሪቻርድ ጉዳይ ነበር። ሪቻርድን የተጫወተው ጆኤል ኤድገርተን ደግሞ አውስትራሊያዊ ነው። ሁለት የቨርጂኒያ ባልና ሚስት፣ ሁለቱንም የተጫወቱት ከባሕር ማዶ የመጡ ተዋንያን!

አየርላንዳውያን እንደ አሜሪካኖች «ር»ን ስለሚያሰሙ ሩት በዚያ በኩል ከእንግሊዛዊ ተዋናይ ይቀልላታል። ፈተናው አናባቢው ላይ ነው። የአሜሪካ ደቡብ ሰው «ማይ» የሚለውን ወደ «ማ»፣ «ታይም»ን ወደ «ታም» አስጠግቶ ይስበዋል። ይህን አብዝቶ የሚያጋንን ተዋናይ ወዲያው መሳለቂያ ይሆናል። ሩት አላጋነነችም። የእውነተኛዋ ሚልድረድ የቆየ ምስልና ድምፅ ዛሬም አለ፤ ዝግ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። ሩት ያንን ዝግታ ስለያዘችው ዘዬው ለብቻው ተነጥሎ አይሰማም። በዚህ ሥራዋ ለኦስካር የምርጥ ተዋናይት እጩ ሆናለች፤ እኔ ብሆን ሽልማቱን እሰጣት ነበር።

ጥያቄ፦ ሆሊውድ «የአፍሪካ እንግሊዝኛ» የሚለው ነገር ያናድደኛል። አንተስ?

መልስ፦ እኔንም ያናድደኛል፤ እንዲህ ያለ አንድ ዘዬ የለምና። የናይጄሪያው ዮሩባ፣ የኬንያው ኪኩዩ፣ የደቡብ አፍሪካው ዙሉ እንግሊዝኛን የሚናገሩት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቋንቋ ዜማ ነው። ጥሩው ምሳሌ ፎረስት ዊታከር ነው። በ2006 በወጣ ፊልም የኡጋንዳውን መሪ ኢዲ አሚንን ሲጫወት ስዋሂሊ ተማረ፤ ፊልሙም ኡጋንዳ ውስጥ ተቀረጸ፤ በ2007 ኦስካር ወሰደበት። በ2018ቱ «ብላክ ፓንተር» አገሩ ዋካንዳ ልብ ወለድ ቢሆንም ቻድዊክ ቦስማን የተደገፈው በእውነተኛ ቋንቋ፣ በኮሳ ላይ ነው፤ አባቱን የሚጫወተው ጆን ካኒ ኮሳን ከልጅነቱ የሚናገር ደቡብ አፍሪካዊ ነውና። በዚያው ፊልም ሌሎቹ የዋካንዳ ሰዎች ግን ከተለያየ የአፍሪካ ማዕዘን የመጡ ይመስላሉ። እኔን ይቆረቁረኛል።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚሠለጥኑት?

መልስ፦ በአነጋገር ዘዬ አሠልጣኝ ነው። የአገሬው ሰው ድምፅ ይቀዳል፣ ይደመጣል፣ በዓለም አቀፉ የድምፅ ፊደል ይጻፋል። አንዳንዶች ከካሜራ ውጭም ዘዬውን አይለቁትም። የተበላሸ ንግግር ካለ፣ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ይቀዳል።

ጥያቄ፦ አንድ የውጭ ተዋናይ ኢትዮጵያዊ ሆኖ እንዲጫወት ብታሠለጥነው ከምን ትጀምራለህ?

መልስ፦ ከገጸ ባሕርዩ ታሪክ። በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ልጅ እንደ አሜሪካዊ ነው የሚናገረው፤ ምንም ልጨምርበት አይገባም። ጎንደር አድጎ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ጎልማሳ ከሆነ ግን ሥራ አለን። «ስፖርት» ሲል ከፊቱ ትንሽ «እ» ትቀድማለች። በእንግሊዝኛ በግና መርከብ የሚባሉባቸው ቃላት አፉ ላይ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ በምላስ ጫፍ የሚወጣውን «th»ንም ወደ «ዝ» ለውጦ «ዚስ ኢዝ» ይላል። ከሁሉም በላይ የማስጠናው ስንስማማ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምናሰማትን «እ» ነው። እንግሊዝኛ እያወራንም አትለየንም፤ ተዋናዩ በትክክለኛው ቦታ ካስገባት ከጎኔ የተቀመጠ ሐበሻ ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል።