የአንድ ሳንቲም ግብር እና የሕግ ታሪክ

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ካናዳዊቷ የሕግ ፕሮፌሰር ኮንስታንስ ባክሃውስ የምርምር ዘመናቸውን በአብዛኛው በሴቶች፣ በጥቁሮችና በነባር ሕዝቦች የሕግ ታሪክ ላይ እንዳሳለፉ ሰማሁ። ይህ የታሪክ ትምህርት ክፍል ሥራ አይደለምን? (ሰ.፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ፕሮፌሰሯ በዌስተርን ኦንታርዮ፣ በኋላም በኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማሩ ምሁር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከካናዳ ከፍተኛ የክብር ኒሻኖች አንዱን አግኝተዋል። ለጥያቄዎ ግን ከማዕረጋቸው ይልቅ ካጠኗቸው መዛግብት አንዱ የተሻለ መልስ ይሰጣል።

በ1946 ቫዮላ ዴዝመንድ የተባሉ ጥቁር የውበት ሳሎን ባለቤት በኖቫ ስኮሺያ ግዛት፣ በኒው ግላስጎ ከተማ፣ ለነጮች ብቻ በሚተው የሲኒማ ቤት ምድር ወለል ተቀምጠው አልነሣም በማለታቸው ተጎትተው ወጡ፤ ሌሊቱንም በእስር አደሩ። በግዛቱ በሲኒማ ቤት ጥቁርን ከነጭ ለይቶ የሚያስቀምጥ ሕግ ስላልነበረ የተከሰሱት በመዝናኛ ግብር ሕግ ነበር፤ በሰገነቱና በምድር ወለሉ ቲኬት መካከል ያለውን የ1 ሳንቲም የግብር ልዩነት አልከፈሉም ተብለው፣ ልዩነቱን ልክፈል ማለታቸው ሳይቆጠርላቸው፣ 20 ዶላር መቀጮና 6 ዶላር ወጪ ተፈረደባቸው።

ክሱን ብቻ ያነበበ የግብር ክርክር ነው ብሎ ያልፈዋል። የሥነ ሥርዓት ሕግ የተማረ ግን ጠበቃቸው በይግባኝ ፋንታ ውሳኔው እንዲሻር በልዩ አቤቱታ እንደጠየቀና አቤቱታው በ1947 ውድቅ የሆነው የቀረበበት መንገድ ትክክል ስላልነበረ መሆኑን ያስተውላል። ከዳኞቹ አንዱ ጉዳዩ በሌላ መንገድ ቢመጣ ኖሮ በደሉን ለማረም ዕድል ይኖር እንደነበር በውሳኔው ላይ አስፍረዋል። ይህን መስመር አንጥሮ ለማውጣት የሕግ ሙያ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ግዛቱ ለሟቿ ምሕረት ያደረገው በ2010 ነው።

ታሪክና ሕግ የተለያዩ መሆናቸውን ዳኞቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ አልተቀበሉም። በ1921 ኤላይዛ ሴሮ የተባሉ፣ ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሞሃውክ ሕዝብ ተወላጅ ሴት የዓሣ መረባቸውን የወሰደባቸውን የመንግሥት ተቆጣጣሪ ከስሰው፣ ሕዝባቸው ለብሪታንያ ዘውድ አጋር እንጂ ተገዥ አልነበረም ብለው ቢከራከሩ ውድቅ ያደረጉባቸው ዳኛ ዊልያም ሪዴል ናቸው። እኚህ ዳኛ፣ የሚገርመው፣ በካናዳ የሕግ ታሪክ ላይ እጅግ ብዙ የጻፉ ሰው ነበሩ።

ስለዚህ የሕግ ትምህርትዎን አይተዉ። የመዝገብ ቤት ሥራንና የድሮ ጋዜጦችን ንባብ ግን ከታሪክ መምህራን ይማሩ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍዎም ከሕግ አንቀጽ ይልቅ ከአንድ መዝገብ ቢነሡ ይሻላል።