ልጄ ለገና አይመጣም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ልጄ ሃይስኩል እያለ በጓደኞቹ በኩል ሞርሞን ወደሚባለው፣ እዚህ ዩታ ወደበዛው ሃይማኖት ገባ። ተጣላን፣ አለቀስኩ፣ ንስሐ አባቴም መከሩት፣ እምቢ አለ። አሁን 19 ዓመቱ ነው። ለሁለት ዓመት ስበክ ብለው ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ላኩት። ለገና ትኬት ልቁረጥልህና ና ብለው አይቻልም አለኝ። እኔ ልምጣ ብለውም አይሆንም። የሚደውለው በሳምንት አንዴ ነው። እስረኛ ነው እንዴ? ስሙንም ትተው «ኤልደር» ነው የሚሉት። ቡናና ቋንጣ ልላክለት ብዬ አስቤአለሁ፣ ሌላ ምን እንደማደርግ ግን ጨንቆኛል። (እናት፣ ከሶልት ሌክ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ። ልጅዎ አልታሰረም። ሥራው የፈቃድ ነው፣ በቃኝ ካለ ሻንጣውን ይዞ መመለስ ይችላል። (እርግጥ ዩታ ውስጥ ጊዜውን ሳይጨርስ የተመለሰ ልጅ የሰው ዓይን ይበዛበታል፣ ያንን እርስዎም እዚያው ስላሉ ያውቁታል።) ወንዶቹ 24 ወር፣ ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ። በመሃል ለበዓል ወደ ቤት መምጣት የለም። ቤተሰብም እንዲጎበኛቸው አይበረታታም፣ ሐሳቡ ይበታተናል ይላሉ። እኔን ከጠየቁኝ ለ19 ዓመት ልጅ ከበድ ያለ ሕግ ነው፤ ግን ለእርስዎ ልጅ ተብሎ የወጣ አይደለም፣ ለሁሉም ነው። «ኤልደር»ም እንደ ማዕረግ ነው፣ ከፊቱ ይቀጠላል እንጂ የአባቱን ስም አልቀሙትም።

በሳምንት አንዴ ብቻ ብለው ላዘኑት ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ዩታ ሳለሁ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር፣ ሚሽነሪ ሆኖ አገልግሎ የተመለሰ። በእሱ ጊዜ ወደ ቤት መደወል የሚፈቀደው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ በፈረንጆች ገና እና በእናቶች ቀን። ሌላው ጊዜ ኢሜይል ነው። ለገና አራት ሆነው አንድ ምእመን ቤት ሄደው፣ በአንድ ኮምፒውተር ወረፋ ይዘው፣ አንዱ ከእናቱ ጋር ሲያወራ ሌሎቹ ወጥ ቤት ተቀምጠው እንዳልሰማ ሆነው ይጠብቁ እንደነበር ሲያጫውተኝ እየሳቀ ነበር፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። ይሄ የተቀየረው በየካቲት 2019 በፈረንጆች ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በእረፍት ቀናቸው በስልክም በቪዲዮም ይደውላሉ። ቀኑ ብዙውን ጊዜ ሰኞ ነው፤ ልብስ የሚያጥቡትና አስቤዛ የሚገዙትም ያን ቀን ነው። ሴቡ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እርስዎ ጋ እሁድ ማታ 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ እሁድ ማታ ስልክዎን ቻርጅ ያድርጉ፣ እንግዳም አይጥሩ።

አሁን ወደ ገናው። ደንቡ ከሳምንታዊው ቀን ሌላ በልዩ በዓላት ቀን መደወልም ይፈቅዳል። የእሱ ቤተ ክርስቲያን ገናን የሚያከብረው ዲሴምበር 25 ነው። ያን ቀን እርስዎ ገና ጾም ላይ ነዎት፣ ቤትዎ በዓል በዓል አይሸትም። ስለዚህ የ25ቱን ስልክ አጭር ያድርጉት፣ እንኳን አደረሰህ ይበሉትና ይልቀቁት። የእኛን ታኅሣሥ 29 ግን ከአሁኑ ያስይዙ። ልጁ የሚስዮን ፕሬዚዳንቱን፣ ማለት እዚያ ያለውን አለቃቸውን፣ «የእናቴ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ያን ቀን ልደውል?» ብሎ ይጠይቅ። ቀድሞ ይጠይቅ፣ በዋዜማው አይደለም። ሰዓቱ ደግሞ እንደ ተመረጠ ነው የሚገጥምልዎት፤ እርስዎ ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጾም ሲፈቱ ሴቡ የዚያው ቀን ማታ 1 ሰዓት ነው። ዶሮ ወጡ ፊትዎ ቀርቦ ስልኩን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርገው ቢያወሩት፣ እመኑኝ፣ ከትኬቱ ባይተካከልም ቀላል ነገር አይደለም።

ያን ቀን ግን ሃይማኖት አያንሡ። እባክዎ። ማመኑን አልወደዱለትም፣ አለመውደድም መብትዎ ነው፣ እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ስሜትዎ ይገባኛል። ነገር ግን ከእናቱ ጋር ያለው ደቂቃ በክርክር ካለቀ በሚቀጥለው እሁድ ስልኩ አጠር ይላል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ኢሜይል ብቻ ይሆናል። ስለ ቀኑ ይጠይቁት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይነሣሉ፣ ያጠናሉ፣ ቀኑን ሙሉ በእግር ይዞራሉ። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ናቸው፤ ጓደኛው ማን ነው፣ የየት አገር ልጅ ነው፣ ያንኮራፋል? ፊሊፒንስ ውስጥ የገና ዘፈን የሚጀምረው ከሴፕቴምበር ነው፣ አገሩ አብዛኛው ካቶሊክ ነውና ከዲሴምበር 16 ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ሳይነጋ ቅዳሴ ይሄዳሉ። በዋዜማው ለእኩለ ሌሊት ማዕድ ቤተሰብ ሁሉ ይሰበሰባል። ልጅዎ ግን በ4 ሰዓት ተኩል አካባቢ መተኛት ስላለበት ከተማው ሲጨፍር እሱ አልጋው ውስጥ ሆኖ በመስኮት የሚሰማ ይመስለኛል። ናፍቆት የሚመታው እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ነው። «ያን ሌሊት እንዴት ነበርክ?» ብለው ይጠይቁት። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ሴቡ በጥብስ አሳማ የታወቀ ነው። ለበዓል ምን በላህ ብለው እንዳይጠይቁ፣ መልሱን አይወዱትም።

ጾምዎንም ቢነግሩት አይገርመውም። እነሱም በወሩ መጀመሪያ እሁድ ሁለት ገበታ ዘለው ይጾማሉ፣ የምግቡንም ዋጋ ለተቸገረ ይሰጣሉ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ፣ ጥር ወር ላይ፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉት አባላት ለእኛው አገርና ለአካባቢው ብለው አንድ ቀን ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። ይህንን ከእናቱ አፍ ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ጥቅሉን በተመለከተ ቡናውን ይተዉት፣ አይጠጡም፣ ጓደኛው ያየውና ልጅዎ ይሳቀቃል። ቋንጣም ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ዳቦም እስኪደርስ ይሻግታል። ሽሮ፣ ትንሽ በርበሬ፣ በደንብ የታሸገ ቆሎ፣ በእጅዎ የጻፉት ደብዳቤ ይበቃል። የሚልኩት ደግሞ እሱ ወዳለበት ቤት ሳይሆን ወደ ሚስዮኑ ቢሮ ይሁን፤ በየ6 ሳምንቱ ዝውውር ስላለ ጥቅሉ ሲደርስ እሱ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ቀደም ብለው ይላኩ።

ጥያቄ፦ ሲያትል ብቻዬን ነው የምኖረው። በፈረንጆች ገና ዋዜማ ሁለት ልጆች በሬን አንኳኩ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ባጅ አላቸው፣ ሞርሞን ነን አሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እምነታቸውን ባልፈልግም የሰው ልጅ ናቸው ብዬ ግቡ፣ ቡና ላፍላ አልኳቸው። አንገባም አሉ! ቡናም አንጠጣም። ቤቴን ተጸየፉት? ከዚያ ወዲህ ይቆጨኛል። (ሰናይት ነኝ በሉኝ)

መልስ፦ ሰናይት፣ አልተጸየፉሽም። ከሴት ጋር ብቻቸውን ቤት ውስጥ መሆን ክልክል ነው፤ ሌላ ትልቅ ወንድ አብሮ ከሌለ እዚያው በረንዳ ላይ ይቀዘቅዛሉ እንጂ አይገቡም። ሚሽነሪዎቹ ሴቶች ቢሆኑ ገብተው ሶፋሽ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቡናውም ነገሩ የቆየ ነው፤ መሥራቻቸው ጆሴፍ ስሚዝ በ1833 በፈረንጆች ከፈጣሪ ተቀበልኩት ያለው ቃል «ትኩስ መጠጥ» ይከለክላል፣ እሱንም ቡናና ሻይ ማለት ነው ብለው ተረጎሙት። ሆት ቸኮሌት ግን በሊትር ይጠጣሉ፣ አትጠይቂኝ።

ለእኛ ገና መጥራት ከፈለግሽ ወንድምሽን ወይም ጎረቤቶችሽን፣ ባልና ሚስቱን፣ አብረሽ ጥሪ። ስትጠሪያቸው ስብከት አልፈልግም፣ ለምግብ ብቻ ኑ ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው፣ አይቀየሙም። ከቤት ርቀው በዓል የሚያሳልፉ የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች ናቸው፣ ይበላሉ፣ ስለዚህ እንጀራውን አብዢ። ዶሮውን ለብቻ አልጫ ሥሪላቸው፣ ቀዩን በጎን አስቀምጪው። አንደኛው ደፍሮ መቅመሱ አይቀርም፣ ውሃ አቅርቢለት።