ሚኒስትር ሲጠየቅ፦ በቋሚ ኮሚቴ ያየሁት

እህታችን፣ «አዲስ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሚኒስትርን በምን ሥርዓት ይጠይቃል? መልሱ ካላረካውስ ደግሞ መጠየቁ ነውር ነው ወይ?» ላልሽው፣ በቋሚ ኮሚቴ ባለሙያነት ለዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል። አንቀጽ 54 ደግሞ አባሉ በምክር ቤቱ በሰጠው አስተያየት እንደማይከሰስ ይደነግጋል። ስለዚህ ሳይፈራ ይጠይቅ። የገዢው ፓርቲ አባል ከሆነማ ይበልጥ ሊጠይቅ ይገባል ባይ ነኝ፤ አብዛኛው ወንበር የእነሱ ሆኖ እነሱ ዝም ካሉ ማን ይጠይቃል?

ሥርዓቱ አይከብድም። እጅ ያወጣል፣ ዕድል ሲሰጠው ንግግሩን ለሰብሳቢው ያደርጋል፦ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።» ሚኒስትሩ «ክቡር ሚኒስትር» ይባላሉ፤ የቅርብ ወዳጅ ቢሆኑም እዚያ አንተ መባባል የለም። መልስ እየሰጡ ማቋረጥም አያምርም።

ብዙዎች የሚሸነፉት በጥያቄያቸው አቀራረብ ነው። በመደበኛ ስብሰባ የበርካታ አባላት ጥያቄ ተሰብስቦ መልሱ በአንድ ላይ ይሰጣል። ረጅም ምስጋና አስቀድሞ አምስት ጥያቄ የሚደረድር አባል፣ ቀላሎቹ ተመልሰው ከባዱ ሲታለፍ እንኳ ልብ አይልም። አንድ ጥያቄ ይያዝ፣ እሱንም ከሚኒስትሩ ከራሳቸው ሪፖርት ያውጣው። «መንገዱ ለምን ዘገየ?» ካለ መልሱ የታወቀ ነው፤ የወሰን ማስከበር፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የተቋራጭ አቅም። «አምና ያቀረባችሁት አፈጻጸምና የዘንድሮው አንድ ነው፤ ክፍያው ግን ጨምሯል። ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ ተከፈለ?» ቢል ግን ማምለጫው ይጠባል።

ከሁሉ የበለጠ የምወደው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በዋና ኦዲተር ግኝቶች ላይ የሚጠራው ይፋዊ ስብሰባ ነው። ኦዲተሮቹ እዚያው ተቀምጠዋል። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ «ማስተካከያ ወስደናል» ብለው ሊያልፉ ሲሉ፣ አንዲት አባል ድምፃቸውን ሳያነሡ «ማስረጃው ለዋና ኦዲተር በየትኛው ቀን ተላከ?» አሉ። ኃላፊው ወደ ፋይናንስ ዳይሬክተራቸው ዞሩ፤ ዳይሬክተሩ ፋይል ያገላብጡ ጀመር። ከኦዲተሮቹ በኩል «እስካሁን አልደረሰንም» የሚል መልስ መጣ። ሰብሳቢውም ማስረጃው የሚቀርብበትን ቀን ቆርጠው ሰጡ። በዚያ አዳራሽ ማንም ማንንም አላመናጨቀም።

ስለዚህ መልሱ ካላረካው ደግሞ መጠየቁ ነውር የለውም። «የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ጥያቄዬ አልተመለሰልኝም» ብሎ ያንኑ ጥያቄ በአጭሩ ይድገም። ሚኒስትሩ መረጃው በእጃቸው ከሌለ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ፣ ቀኑም በቃለ ጉባኤው እንዲያዝ ይጠይቅ። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ያንን ቃለ ጉባኤ ይዞ ይምጣ።