«አሪፍ ነው» ብለው የሚጠፉ ደንበኞች

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ላውንደሪ ቤት አለኝ። ደንበኞች ልብሳቸውን ሲወስዱ እንዴት ነው ብዬ እጠይቃለሁ፣ ሁሉም አሪፍ ነው ይላሉ፣ ግን ብዙዎቹ ሁለተኛ አይመጡም። ዲስካውንት ልጀምር ወይስ የነጥብ ካርድ (በመጡ ቁጥር ነጥብ የሚጠራቀምበት)? ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ ዲስካውንቱን ለጊዜው ተዪው። ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ ከአሪፍ ነው ውጪ ምን ይላል? ባንኮኒ ላይ ቆሞ መጨቃጨቅ የሚፈልግ የለም፣ ከፍሎ ውልቅ ነው። ደግሞ የምሩን ቢሆንም «አልተከፋሁም» ያለ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል ማለት አይደለም። የፎቶኮፒ ማሽን አምራቹ ዜሮክስ የደንበኞቹን እርካታ ሲያጠና ከ5ቱ 5 የሰጡት፣ 4 ከሰጡት ይልቅ ደግመው የመግዛት ዕድላቸው 6 እጥፍ ሆኖ ነው ያገኘው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ አለ። 4 እኮ ለኛ ጥሩ ውጤት ነበር!

ያቺን አንድ ነጥብ የምታመጣው ብዙ ጊዜ ፈገግታ አይደለችም (ፈገግታ አይጠላም እንጂ)፣ ቃል ነች። ፓራሱራማን፣ ዛይታምልና ቤሪ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሰርቪስ ጥራትን በ5 ነገር ሲለኩ ደንበኛ ከሁሉም በላይ ቦታ የሚሰጠው ያሉትን በሰዓቱና በትክክል ማድረስ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ ሐሙስ የሚደርስልሽን ልብስ አርብ በዪና ሐሙስ ደውዪ፣ ረቡዕ ብለሽ ሐሙስ ከምትሰጪ፣ ልብሱ ያው ነው ሰውየው ግን ያው አይደለም።

ሌላው፣ ቁልፍ ቢወድቅ ወይ እድፍ ባይለቅ ባንኮኒ ላይ ያለችው ልጅ «ባለቤቷ ስትመጣ» እንዳትል። ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ሠራተኞቹ አለቃ ሳይጠይቁ ለአንድ እንግዳ ችግር እስከ 2,000 ዶላር እንዲያወጡ ይፈቅዳል፣ አንቺ ያን ያህል ባትችዪም የአንድ እጥበት ሂሳብ በራሷ ሥልጣን እንድትመልስ ፍቀጂላት። ግን ይሄ የሚሠራው አንዴ ነው፣ ያው ጥፋት ከተደገመ ይቅርታም ገንዘብም አይመልሰውም።

ካርዱ መጥፎ አይደለም፣ ግን ያለሱም ይመጣ የነበረውን ሰው ነው መጀመሪያ የሚሸልመው። አሁን ስልካቸው ካለሽ ከጠፉት ለተወሰኑት ደውዪ፣ «እንዴት ነበር» ሳይሆን «ምን ብናስተካክል ይሻላል» በያቸው፣ ሰበብ አትደርድሪ ዝም ብለሽ የሚሉትን ጻፊ፣ ተደጋግሞ የመጣውን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክዪ።