መልስ፦ የዩዋን ሺካይ የብር ሳንቲም ትክክለኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

ሰላም ወንድሜ። ሪዛም ወታደር ያለበትን የቻይና ብር ከመግዛትህ በፊት ከሐሰተኛው እንዴት እንደምትለየው ጠይቀሃል። ሰውየው የቻይና ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት የነበረው ዩዋን ሺካይ ነው። ሳንቲሙ መታተም የጀመረው በ1914 እ.ኤ.አ. ነው።

መጀመሪያ መዝነው። ትክክለኛው 26.7 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 25 ግራም ከሆነ ተወው። ማግኔት ከሳበው አለቀ፣ ሐሰተኛ ነው። ካልሳበው ግን ቶሎ አትደሰት፤ መዳብና ናስም አይሳቡም። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ጠርዙን ዞር እያደረግህ እይ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉት፤ የጠርዙ ጥርሶችም የደበዘዙ ናቸው።

ዓመቱ ከሰውየው ራስ በላይ በቻይንኛ ከቀኝ ወደ ግራ ተጽፏል። የቻይና ሪፐብሊክ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ወደ እ.ኤ.አ. ለመቀየር 1911 ደምርበት። በባለ አንድ ዩዋኑ (ዩዋን የቻይና ገንዘብ ስም ነው) ሳንቲም ላይ ያሉት 3ኛው፣ 8ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው ዓመት ብቻ ናቸው። የ3ኛው ዓመት ጽሑፍ 6 ፊደል ነው፣ የሌሎቹ 7። አንድ ነገር ልብ በል፦ ልክ እንደኛ ማርትሬዛ፣ የ3ኛው ዓመት ሳንቲምም ዓመቱ ሳይቀየር ለረጅም ጊዜ ታትሟል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እንኳ ለቲቤት ተብሎ ተመትቷል። ስለዚህ «የ1914 ነው» ብሎ ዋጋ ለሚሰቅልብህ ሻጭ አትቸኩል።

ፊቱ ላይ ትንንሽ ማኅተም ብታይ አትደንግጥ። የድሮ ነጋዴዎችና መንዛሪዎች ብሩን ፈትሸው የመቱት ምልክት ነው። እኔ እንዲያውም እንዲህ ያሉትን እወዳቸዋለሁ።

ደግሞ እባክህ፣ ከገዛኸው በኋላ እንዳትወለውለው! ጥቁረቱን ካነሳህለት ሰብሳቢ ዋጋውን ይቀንስብሃል።