ተረከዜ ይነሳል፣ ክርኔ አይዘረጋም፦ የብረት አንሺዎች ጥያቄና መልስ

ክሪያቲን የተባለው የጡንቻ ማበርቻ የት እንደሚሸጥ ለጠየቃችሁኝ ሦስት ሰዎች፦ ይህ አምድ ሱቅ አይደለም። የቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ ስናች (ባሩን፣ ማለትም ረጅሙን ብረት፣ በአንድ ጉዞ ከመሬት ከራስ በላይ ማድረስ) እና ክሊን ኤንድ ጀርክ (መጀመሪያ ትከሻ ላይ መቀበል፣ እሱ ክሊን ነው፤ ከዚያ ከራስ በላይ ማድረስ፣ እሱ ጀርክ ነው) ሲለማመዱ ሰውነት እምቢ ስለሚልበት ቦታ ናቸው።

ከባሕር ዳር አባይ ማዶ፣ የባጃጅ ሹፌር። ስናች ይዞ ቁጢጥ ሲል ተረከዙ ከመሬት ይነሳል፣ ባሩም ወደ ፊት ይጥለዋል። አሠልጣኙ «ባትህን ወጥር» ብሎት ስድስት ወር ወጥሯል፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ስድስት ወር ከመወጠር በፊት አንድ ደቂቃ መለካት ይሻል ነበር። ጫማህን አውልቀህ ግድግዳ ፊት ቁም። የእግርህ አውራ ጣት ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ተረከዝህ ሳይነሳ ጉልበትህን ወደ ግድግዳው ግፋ። ከነካ ቁርጭምጭሚትህ ይበቃሃል፤ ጥፋቱን ዳሌህ ወይም የላይኛው ጀርባህ ላይ ፈልግ። ካልነካ እየተጠጋህ ስንት ሴንቲ ላይ እንደነካ ጻፍ፣ ቀኙንና ግራውን ለየብቻ።

አሁን ዋናው ነገር፦ የሚይዝህ የት ጋ ነው? ከኋላ፣ ከተረከዝ በላይ እንደ ገመድ ከተወጠረ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ይለቃል። ግን አብዛኛው ሰው ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ነው ባቱን የሚወጥረው። ቁጢጥ ስትል ጉልበትህ የታጠፈ ስለሆነ የላይኛው የባት ጡንቻ ላልቷል፤ የሚይዝህ ከሥሩ ያለው ነው። እሱን የምታገኘው ጉልበትህን አጥፈህ ብቻ ነው። የደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶችህ ቁም፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ተረከዝህን ቀስ ብለህ ወደ ታች ልቀቅና 30 ሰከንድ ቆይ። ለእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ፣ በሳምንት አራት ቀን። ከዚያ ቁጢጥ ብለህ 10 ኪሎ ዲስክ (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ክብደት) ጉልበትህ ላይ ጫንና አንድ ደቂቃ ተቀመጥ። በየሁለት ሳምንቱ ግድግዳው ጋ ተመልሰህ ለካ። በሁለት ወር ግማሽ ሴንቲ እንኳ ካልጨመርክ መወጠሩን ተወው።

የሚይዝህ ከፊት፣ ቁርጭምጭሚትህ መታጠፊያ ላይ ቆንጠጥ እያደረገ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ አጥንት ከአጥንት እየተጋጠመ፣ ወይም የድሮ ወለምታ የተወው ነገር እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል። የባሰ በገፋኸው ቁጥር የባሰ ያብጣል። አጥንት ደግሞ በትዕግሥት አይለጠጥም። መፍትሔው ጫማ ነው። የክብደት አንሺ ጫማ ተረከዙ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለና የማይሟሽሽ ነው። ካላገኘህ አንድ ጠንካራ የቆዳ ጫማ ለጫማ ሰፊ ውሰድና ከተረከዙ ሥር ደረቅ ሶል ወይም ጣውላ በማጣበቂያም በሚስማርም ያስይዝልህ፤ ጎኑ ከጫማው ጠርዝ እንዳይጠብ። የሩጫ ጫማ አይሆንም፤ ስፖንጁ 60 ኪሎ ሲያርፍበት ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ከተረከዝ ሥር ዲስክ ማድረግም ለስኳት (ባር ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) እንጂ ለስናች አይደለም፤ ስናች ላይ እግር ተነስቶ ሌላ ቦታ ያርፋል፣ ዲስኩ ጠርዝ ላይ ካረፍክ ቁርጭምጭሚትህን ራሱን ታጣዋለህ።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ምን ታደርጋለህ? ታነሳለህ። ሕጉ ቁጢጥ በል አላለም። ባሩ ባልተቋረጠ አንድ ጉዞ ከመሬት ከራስ በላይ ይድረስ፣ ክርን ተዘርግቶ ይቁም ነው ያለው። ከፍ አድርገህ ጎትተህ ጉልበትህን በትንሹ አጥፈህ ተቀበል፣ ወይም አንድ እግር ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ ከፍለህ ተቀበል። ቁጢጡ ከመስፋፋቱ በፊት ብዙዎቹ የዓለም ምርጦች በተከፈለ እግር ነበር የሚያነሱት። ዋጋው ባሩን የበለጠ ከፍ አድርገህ መጎተት ስላለብህ ኪሎህ መቀነሱ ነው። ወለሉ ላይ እየተወጠሩ ስናች ሳይለማመዱ ዓመት ማሳለፍ ግን ከዚያ የከፋ ኪሳራ ነው።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው፣ አይከብደኝም?

የቱርኩ ክብደት አንሺ ናይም ሱለይማኖግሉ 1 ሜትር ከ47 ነበር፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ሴኡል ላይ በ60 ኪሎ ምድብ 190 ኪሎ ክሊን ኤንድ ጀርክ አነሳ። ቀጥል።

ከፔዳ፣ ተማሪ። ክሊን ሲቀበል የእጁ አንጓ «ሊሰበር ነው» ይላል።

አንጓህ ባሩን እየተሸከመ ነው፤ ሥራው ያ አይደለም። ባዶ ባር ትከሻህ ፊት ላይ፣ ጉሮሮህን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አስቀምጥና ሁለት እጅህን በእንቅልፍ ልቡ እንደሚሄድ ሰው ወደ ፊት ዘርጋ። ካልተንሸራተተ ቦታው ያ ነው። ከዚያ ሁለት ሁለት ጣት ብቻ ከባሩ ሥር አስገብተህ ክርንህን ወደ ፊት አውጣ። ካልወጣልህ አያያዝህን በአንድ ጣት አስፋ፤ ከክርን በታች ክንዱ የረዘመ ሰው ጠብቦ ይዞ አይሳካለትም። ከጀርክ በፊት ባሩን ትንሽ ነጠር አድርገህ መዳፍህን መልስ።

ከሽምብጥ፣ የ22 ዓመት ወጣት። ትከሻዋ ሁለት ጊዜ ወልቆ ወጌሻ መልሶላታል። ስናች መጀመር ትችል እንደሆነ ትጠይቃለች።

አትጀምሪ። ይህን ለወግ ያህል አይደለም የምለው። በወጣትነት የወለቀ ትከሻ ጉድጓዱን የሚከበው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ተቀዷል፤ ወጌሻው አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል እንጂ ጠርዙን አይሰፋውም። ስናች ላይ ክንድሽ በሰፊው ተከፍቶ ከራስሽ ጀርባ ጭነት ይይዛል፤ ትከሻ የሚወልቅበት አቅጣጫ ማለት ነው። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደሽ የአጥንት ሐኪም ይይሽ፣ ሁለቱንም ጊዜ እንዴት እንደወለቀ ንገሪው። እስከዚያ ክንድሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ የፊት ስኳት (ባሩ ትከሻ ፊት ላይ ሆኖ) ሥሪ፤ ከራስ በላይ ባዶ ባር እንኳ አይውጣ።

በልጅነቴ ክርኔ ተሰብሮ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ውድድር ላይ ዳኛ ይጥለኛል?

ካልነገርካቸው አዎ፤ የታጠፈ ክርን ያዩ ዳኞች ቀይ ያሳያሉ። ደንቡ የሚለው ከውድድሩ መጀመሪያ በፊት ክርንህን ለዳኞች እንድታሳይ ነው። ትንሿ ጣትህ የምትደነዝዝ ከሆነ ግን ክርንህን ከዳኛው በፊት ሐኪም ይየው።

ጂማችን ትልልቅ ዲስክ የለውም፤ ከመሬት ስጀምር ጀርባዬ ይጎብጣል።

ጥፋቱ ያንተ ላይሆን ይችላል። የውድድር ዲስክ ስፋቱ 45 ሴንቲ ስለሆነ የባሩ መሐል ከመሬት 22.5 ሴንቲ ላይ ይቆማል። በ5 ኪሎዋ ትንሽ ዲስክ ስትጀምር ባሩ ቁርጭምጭሚትህ ጋ ነው ያለው፤ እዚያ ድረስ ጎብጦ የማይወርድ ጥቂት ነው። በሁለቱም ወገን ከዲስኩ ሥር ጣውላ ደርድርና የባሩን መሐል በሜትር እየለካህ 22.5 ሴንቲ ላይ አድርሰው። ብሎኬት አትጠቀም፣ ይፈረካከሳል።

አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ጣቶች ሥር ሳደርግ ያመኛል፣ እጄም ትንሽ ነው፤ ሴት ነኝ።

ሁለት ሦስት ሳምንት ያማል፣ ከዚያ ይለመዳል። በላስቲክ ፕላስተር ጠቅልዪው። የወንዶች ባር 28 ሚሊ ሜትር፣ የሴቶች 25 ነው፤ ጂማችሁ 15 ኪሎ የሆነውን ባር ካለው እሱን ጠይቂ።