ለፍሪሜሶን ሎጅ ቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጁ፦ የአንድ አባል መልሶች

ለረጅም ዓመታት የፍሪሜሶን ሎጅ አባል ነኝ፤ ፍሪሜሶን በሥርዓትና በምሳሌ ሥነ ምግባርን የሚያስተምር የወንድማማችነት ማኅበር ነው፣ ሎጅ ደግሞ አባላቱ የሚሰበሰቡበት የአካባቢ ክፍሉ። አባል ለመሆን ያመለከቱ እጩዎችን በሚያነጋግረው ኮሚቴ ውስጥም ደጋግሜ ሠርቻለሁ። ቃለ መጠይቅ የተቀጠረላችሁም ሆነ ገና ለማመልከት የምታስቡ የልባችሁን ጠይቁ። አባላት የሚተዋወቁባቸውን ምልክቶችና የሥርዓቱን ዝርዝር አልነግራችሁም፤ ቃል ገብቻለሁና። ከዚያ ውጭ የምደብቀው የለኝም።

ጥያቄ፦ ምን ይጠይቁኛል? ምን አጥንቼ ልቅረብ?

የሚጠና ነገር የለም፣ ወንድሜ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት አባላት ቤትዎ መጥተው አለዚያም ሎጁ ውስጥ ያነጋግሩዎታል። ስለ እኛ ከየት ሰሙ፣ ለምን መግባት ፈለጉ፣ በፈጣሪ ያምናሉ ወይ፣ ቤተሰብዎ ያውቃል ወይ፣ ጊዜዎና ገቢዎ ይፈቅዳል ወይ፣ የተፈረደብዎት ወንጀል አለ ወይ ይባላሉ። ከሁሉም ከባዱ “ለምን?” የሚለው ነው። ሁሉም ሰው “ራሴን ለማሻሻልና ሌላውን ለመርዳት” ይላል። እኛም “እስከ ዛሬስ ማንን ረዱ?” ብለን እንቀጥላለን። በቃል የተጠና መልስ እዚህ ላይ ያልቃል። አንድ እጩ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ “አባቴ ከሞተ ወዲህ የሚገሥጸኝ ትልቅ ሰው አጣሁ” አለን። ስለ ምክንያቱ ሌላ ጥያቄ አላስፈለገንም።

ጥያቄ፦ አባል የሆነ ሰው አላውቅም። እስኪጋብዙኝ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። በብዙ ቦታ ልማዱ ሰው ራሱ እንዲጠይቅ ነው። በአገርዎ ላለው ታላቅ ሎጅ፣ ማለትም ሎጆችን ለሚያስተዳድረው የበላይ አካል፣ ይጻፉ፤ ወደሚቀርብዎት ሎጅ ይመራዎታል። ማመልከቻዎ ላይ የሚፈርሙ አባላት ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ደግሞ ሳያውቁዎት አይፈርሙም። ስለዚህ ሎጁ ለእንግዶች ክፍት በሚያደርጋቸው ዝግጅቶች ላይ ይገኙ፣ ከሰዎቹ ጋር ይቀመጡ። ወራት ቢወስድም አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው በስልክ መልእክት “ከፍለህ ግባ፣ ሀብታም ትሆናለህ” አለኝ። እውነት ነው?

አጭበርባሪ ነው። ብር አይላኩለት፣ የመታወቂያዎን ፎቶም አይስጡት። ሀብት ቃል ገብቶ አባል የሚሰበስብ እውነተኛ ሎጅ የለም።

ጥያቄ፦ ሃይማኖቴን ይነኩብኛል? የማያምን ሰውስ ይገባል?

የእንግሊዝን ወግ በሚከተሉ ሎጆች በአንድ ፈጣሪ ማመን ግዴታ ነው፤ በየትኛው ሃይማኖት እንደሚያመልኩ ግን የእርስዎ ጉዳይ ነው። በስብሰባ ላይ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ መከራከር ክልክል ነው። ግራንድ ኦርየንት የተባለው የፈረንሳይ ሎጆች የበላይ አካል እ.ኤ.አ. በ1877 በእግዚአብሔር የማመንን ግዴታ ከሕገ ደንቡ ስላወጣ፣ የማያምኑ ሰዎች ወደዚያ ወገን ይሄዳሉ። “አዎ፣ አምናለሁ” ለማለት ብቻ ብለው አይዋሹ፤ ሲገቡ የሚፈጽሙት መሐላ የሚቆመው በዚህ መልስ ላይ ነው።

ሌላም የማልሸፋፍነው ነገር አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1738 ጀምሮ ምእመኖቿን ከፍሪሜሶን ከልክላለች፤ በ1983ም ክልከላውን አጽንታለች። ሌሎች ቤተ እምነቶችም ይቃወሙታል። ከቃለ መጠይቁ በፊት የንስሐ አባትዎን ወይም የሃይማኖት መምህርዎን ያማክሩ። ኅሊናዎ እየወቀሰዎት እንዲገቡ አንፈልግም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስሙን ስትሰማ ደነገጠች። ምን ልበላት?

ሳይነግሯት አይግቡ። ቤትዎ ድረስ የምንመጣው አንዱም ምክንያት ይኸው ነው፤ አብራን እንድትቀመጥ እንጋብዛታለን፣ የፈለገችውንም ትጠይቀናለች። ስብሰባው ምሽትዎን ይወስዳል፣ መዋጮው ከቤት ገንዘብ ይወጣል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእሷም ነው። “ሚስጥር ነው” ብሎ ጥያቄዋን መዝጋት ትልቅ በደል ነው። የስብሰባው ቀን፣ ቦታው፣ ወጪው፣ የምንሠራው በጎ አድራጎት፣ አንዱም ሚስጥር አይደለም። ከሰማችን በኋላም “አልስማማም” ካለች፣ እኔ በበኩሌ ማመልከቻው ይቆይ እላለሁ። ትምህርታችን ራሱ ቤተሰብ ከሎጅ እንደሚቀድም ይናገራል፤ ይህን ንቀን የምናስገባው ሰው ምን ይማራል?

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ በድብድብ ተፈርዶብኛል። ብናገር ይጥሉኛል?

ውሳኔው እንደየታላቅ ሎጁ ደንብ ይለያያል፤ ይናገሩ። ለሚደግፍዎት አባል አስቀድመው ይንገሩት፣ ቅጹ ላይም ይጻፉት። ያመኑት የቆየ ጥፋት ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ደብቀውት በኋላ የተገኘ እንደሆነ ግን ጥያቄው ስለ ድብድቡ መሆኑ ይቀርና ስለ ውሸቱ ይሆናል፤ ይህም ሊያስባርር ይችላል።

ጥያቄ፦ ሎጁ ለሥራዬ ይጠቅመኛል ብል ችግር አለው?

አለው። ማመልከቻው ላይ ጥቅም ፈልገው እንዳልመጡ ይፈርማሉ።

ጥያቄ፦ ታሪኩን ማወቅ አለብኝ? ከሰሎሞን ቤተ መቅደስ ጀምሮ ነው ይባላል።

ቤተ መቅደሱ በሥርዓታችን ውስጥ ማስተማሪያ ምሳሌ ነው፤ የልደት የምስክር ወረቀት አድርገው አይያዙት። የመጀመሪያው ታላቅ ሎጅ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1717 ለንደን ውስጥ፣ አራት ሎጆች ተሰብስበው እንደሆነ ይተረካል። ጄምስ አንደርሰን ለዚያ ታላቅ ሎጅ ያዘጋጀው ሕገ ደንብ ደግሞ በ1723 ታተመ። ይህን ያህል ካወቁ ከበቂ በላይ ነው። ሥርዓቱን ግን ከኢንተርኔት አያንብቡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኘውን የመጀመሪያውን ምሽት ለራስዎ አያበላሹት።

ጥያቄ፦ ሴቶች መግባት እንችላለን?

እህቴ፣ በእንግሊዝ ወግ በሚሄዱት ሎጆች አይቻልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1893 በፈረንሳይ የተጀመረው ቅይጥ ሥርዓት ወንድንም ሴትንም ይቀበላል፤ እንግሊዝ ውስጥም በ1908 የተመሠረተና ዛሬ የሴቶች ብቻ የሆነ ሥርዓት አለ። ማመልከቻዎን ለእነሱ ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ ከቃለ መጠይቁ በኋላ ምን ይሆናል?

ኮሚቴው ሪፖርት ያቀርባል፣ ከዚያም በሚስጥር ድምፅ ይሰጣል። ሳጥኑ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ አባል እጁን አስገብቶ ነጭ ወይም ጥቁር ኳስ ይጥላል። አንዳንድ ሎጆች፣ እጅ በጨለማ እንዳይሳሳት፣ ጥቁሩን ኳስ ባለማዕዘን ያደርጉታል። ነጭ መቀበል፣ ጥቁር መቃወም ነው፤ በብዙ ቦታ እጩን ለመጣል አንድ ጥቁር ይበቃል። በእንግሊዝ አጠቃላይ ደንቡ ሦስት ጥቁር ነው፤ ሎጁ ከፈለገ ወደ ሁለት ወይም ወደ አንድ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ማን እንደጣለው ማንም አይጠይቅም። ካልተሳካልዎትም የትኛው ንግግሬ ነው ያስጣለኝ እያሉ አይሰቃዩ። ስንት ጊዜ ቆይተው እንደገና ማመልከት እንደሚችሉ የሎጁን ጸሐፊ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔስ ምን ልጠይቃቸው?

ይህን የሚጠይቅ እጩ ደስ ይለኛል። ሎጁን ያቋቋመው የትኛው ታላቅ ሎጅ ነው? በዓመት ስንት ጊዜ ይሰበሰባል? የመግቢያ ክፍያው፣ ዓመታዊ መዋጮውና በስብሰባ ላይ የሚታጠቁት የሽርጥ ዋጋ ተደምሮ ስንት ይመጣል? ለበጎ አድራጎትስ ምን ያህል ይጠበቅብኛል? ከጀማሪነት ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ደረጃ ሳልፍ የሚያስተምረኝ ማነው? ለመጨረሻው ጥያቄ “ቀስ በቀስ ይገባሃል” ብለው ካለፉዎት ሌላ ሎጅም ይጎብኙ። ጥሩ ሎጅ አዲሱን አባል የሚያስተምረውን ሰው አስቀድሞ ይመድባል፤ ስሙንም እዚያው ይነግርዎታል።